ወንድሜ 75 በመቶ ስኮላርሺፕ አገኘ፤ ትምህርት ቤቱ ስም ያለው ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ዶሃ ነው፤ ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ታናሽ ወንድሜ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ አልመጣለትም። ማለፊያ ያላመጡ የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) መግባትም አልፈለገም። አሁን በአንድ ኤጀንት በኩል ሰሜን ቆጵሮስ ካለ ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒውተር ምህንድስና 75 በመቶ ስኮላርሺፕ ተሰጥቶታል። የዓመቱ ክፍያ 8,000 ዩሮ ነው፤ እኛ የምንከፍለው 2,000 ብቻ ነው ተባልን። በ10 ቀን ውስጥ 1,000 ዩሮ ዴፖዚት ካላስገባን ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ ሳየው ሕንፃው ያምራል። ከዓለም ምርጥ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው ይላል። እውነት ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው? ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ገና አትክፈዪ። ጭራሽ አትክፈዪ ማለቴ አይደለም። ግን አሁን በእጅሽ ባለው መረጃ የስድስት ዓመት ላብሽን ማውጣት የለብሽም።

የዩኒቨርሲቲውን ስም በመልእክትሽ ጽፈሽልኛል፤ እዚህ አላነሣውም። ስለ አንድ ትምህርት ቤት ከማወራ አንቺ ራስሽ እንዴት እንደምትመረምሪው ባሳይሽ ይሻላል። ነገ ኤጀንቱ ሌላ ስም ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ሳይና ተማሪ ሳማክር 15 ዓመት አልፎኛል። «ስም ያለው ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ «በማን ዘንድ?» ብዬ እመልሳለሁ። ወንድምሽ ተመርቆ ዲግሪውን ይዞ የሚቆምበት አንድ ቢሮ አለ። አዲስ አበባ ያለ ባንክ ሊሆን ይችላል። አንቺ ጋ መጥቶ ዶሃ ሥራ የሚጠይቅበት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ጀርመን ማስተርስ የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲም ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ ስም ሊኖረው የሚያስፈልገው እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው። ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር የቢሮው ሰውዬ አያየውም። የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ስለዚህ ወንድምሽን መጀመሪያ ይህን ጠይቂው፦ ስትጨርስ የት ነው የምትኖረው? «እሱን እዚያው ስደርስ አየዋለሁ» ካለሽ፣ ገንዘቡን የምታወጪው አንቺ ስለሆንሽ ትንሽ ልትቆጪው ትችያለሽ።

አሁን ወደ 75 በመቶው እንሂድ።

ስኮላርሺፕ ከተባለ ከአንድ ቦታ ገንዘብ ወጥቶ ለተማሪው ይከፈላል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሰጥ የቱርክ መንግሥት ይከፍላል። የሀንጋሪው «ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም» ሲሰጥ የሀንጋሪ መንግሥት ይከፍላል። የናንተን 6,000 ዩሮ ግን ማን ከፈለው? ማንም አልከፈለም። መርካቶ ገብተሽ ነጋዴው «8 ሺህ ነበር፣ ላንቺ ስል 2 ሺህ» ቢልሽ ስኮላርሺፕ ሰጠኝ ትያለሽ? ዋጋው ድሮም 2 ሺህ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላ የምታውቂው ልጅ፣ ውጤቱ ከወንድምሽ ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ በሌላ ኤጀንት በኩል እዚያው ትምህርት ክፍል ስንት እንደሚከፈል ይጠይቅ። እሱም 75 በመቶ «ካሸነፈ» ነገሩ ገብቶሻል። የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ ገጽም አንብቢ። ብዙዎቹ ራሳቸው ለውጭ ተማሪ ሁሉ ግማሽ ቅናሽ እንዳለ በግልጽ ይጽፋሉ።

ይህ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሰሜን ቆጵሮስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዋጋ በጣም የተለመደ ነው፤ የተባለውን በትክክል የሚያስተምርም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ደብዳቤ ቤት ሲገባ እናት እልል ትላለች፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይጠፋል።

እስቲ ሒሳቡን እኛ እንሥራው። ትምህርት በዓመት 2,000 ዩሮ። ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት በወር 400 ዩሮ እንበል፤ ይህ የኔ ግምት ነው፣ ትክክለኛውን እዚያ ካሉ ልጆች ጠይቂ። በዓመት 4,800 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 6,800። በአራት ዓመት 27,200 ዩሮ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የጤና መድን፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የምዝገባና የመጽሐፍ ወጪ ገና አልገባም። አየሽ፣ ኤጀንቱ የሚያወራልሽ ስለ 8,000 ብቻ ነው። ዋናው ወጪ ግን ወንድምሽን እዚያ ማኖሩ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። እንግሊዝኛው በፈተና ካልበቃ መጀመሪያ የቋንቋ ዝግጅት ትምህርት ቤት ይገባል። ያ አንድ ሙሉ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። 75 በመቶው ለዚያ ዓመት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚቀጥለው ስንት ነጥብ ሲያመጣ ነው? አንድ ኮርስ ቢወድቅ ሲደግመው በቅናሹ ነው ወይስ በሙሉ ዋጋ? የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ቅናሹን የሚያጡት በሁለተኛው ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት ይከብዳቸዋል፣ ነጥብ ይወርዳል፣ ቅናሹ 75 የነበረው 50 ወይም 25 ይሆናል። በዚያ ሰዓት ተመልሶ መምጣትም ከባድ ነው፣ መክፈልም ከባድ ነው። የቤተሰብ ጭንቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ያንቺ ገቢ በሪያል ስለሆነ አንድ ነገር ቀሎልሻል። በብር የሚከፍሉ ቤተሰቦችን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አይቻቸዋለሁ። ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የትምህርት ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ልጁ ምንም ሳያጠፋ ወጪው እጥፍ ሆነ። ስለዚህ በመሃል ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ወደ አገር ቤት ብትገቢ ክፍያውን ማን ይቀጥለዋል? ዛሬውኑ አስቢበት።

ሰሜን ቆጵሮስ ራሱ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ይህን ኤጀንቶች ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። እንዲያውም ይገባኛል።

የቆጵሮስ ደሴት ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ተከፍላለች። ሰሜኑ በ1983 እ.ኤ.አ. ራሱን ነጻ መንግሥት ብሎ አወጀ፤ ከቱርክ በስተቀር ግን እውቅና የሰጠው አገር የለም። ኤርጃን የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ በረራ ያለው ከቱርክ ጋር ብቻ ነው። ኤጀንቱ «አውሮፓ ነው የሚሄደው» ካለሽ እያታለለሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኖ የሚሠራው የደቡቡ መንግሥት ነው። በኤርጃን በኩል የገባን ሰው ደቡቡ በሕገወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጥረዋል። ወንድምሽ ከዶርሙ መስኮት ደቡቡን ያይ ይሆናል፤ በሕጋዊ መንገድ መሻገሩን ግን ይርሳው።

የኛ ኤምባሲ እዚያ የለም። ያለው ቱርክ፣ አንካራ ነው። ፓስፖርቱ ቢጠፋ፣ ቢታመም፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቢጋጭ የሚሮጥበት የኢትዮጵያ ቢሮ የለም ማለት ነው።

«ቀን እየሠራ ይከፍላል» የሚሉትንም አትስሚ። የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ የሌለው ልጅ ደግሞ የአሠሪው መጫወቻ ይሆናል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሰዎች ዝውውር ላይ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት፣ በተማሪ ስም ወደዚያ የገቡ ወጣቶች ለጉልበት ብዝበዛ እንደሚጋለጡ ደጋግሞ ጽፏል። ሰው ቤት ሠርተሻል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ ስል እዚያ ያለው ሁሉ የማይረባ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ፋማጉስታ ከተማ ያለው ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዩኒቨርሲቲ አንዳንድ የምህንድስና ትምህርቶቹ «አቤት» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እውቅና አላቸው። አቤት ስሙ ነው፤ ማንም አልጠራሽም። ይህ ድርጅት የምህንድስናና የኮምፒውተር ትምህርቶችን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ እውቅና አይሰጥም። አንድ አገር ውስጥ ጥሩም መጥፎም ጎን ለጎን ይኖራል። ለዚህ ነው በአገሩ ስም ብቻ መፍረድ የማይቻለው።

እሺ፣ እውቅና እንዴት ይጣራል?

ሰሜን ቆጵሮስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቆጣጠረው አካል «ዮዳክ» ይባላል። የቱርክ ከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ደግሞ «ዮክ» ይባላል። የዮክ እውቅና ከሌለው ዲግሪው ቱርክ ውስጥ እንኳ ዋጋ ያጣል፤ ቱርክ ያልተቀበለውን ደግሞ ሌላው የሚቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱንም ጠይቂ። ስትጠይቂ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አትጠይቂ። «የኮምፒውተር ምህንድስና፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በእንግሊዝኛ» ብለሽ ፕሮግራሙን ጥቀሺ። ዩኒቨርሲቲው እውቅና ኖሮት ትምህርት ክፍሉ የሌለው ብዙ አይቻለሁ። እኛም አገር የግል ኮሌጆች ላይ ይህ ያልገጠመው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ወንድምሽ አገር ቤት ለመመለስ ካሰበ ዋናው ቢሮ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሠራው፣ ማለትም ከአገራችን ዲግሪ ጋር እኩል ነው ወይ የሚለውን የሚወስነው፣ እሱ ነው። አባትሽ ወይም ወንድምሽ ራሱ አዲስ አበባ በአካል ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ዲግሪ አቻ ግምት ይሰጠዋል ወይ? ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ሳያመጣ ውጭ ገብቶ ለተማረ ሰው የአቻ ግምት ላይ ምን ይባላል? ይህን ከመሄዱ በፊት ይወቅ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዲግሪ ይዞ መስኮት ላይ ቆሞ ሲሰማው ያለቅሳል። ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ዶሃ አንቺ ጋ ሊመጣ ካሰበም ኳታር የራሷ የአቻ ግምት አሠራር አላት፤ ኤምሬትስም እንደዚያው። አንቺ እዚያው ስለሆንሽ መጠየቁ ላንቺ ይቀልሻል። ሰነዱ በየትኛው ኤምባሲና በየትኛው የውጭ ጉዳይ ቢሮ በኩል ማኅተም እንደሚመታበትም አብረሽ ጠይቂ። አገሩ በሌሎች ያልታወቀ ሲሆን የማኅተሙ መንገድ ይጠማዘዛል።

አውሮፓ ካሰበ ጀርመኖች «አናቢን» የሚባል ነጻ መዝገብ አላቸው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ስታስገቢ የመደመር ምልክት ካለው ይቀበሉታል፣ የመቀነስ ምልክት ካለው አይቀበሉትም፣ ሁለቱም ካሉበት እንደየሁኔታው ነው። ጀርመን ባይሄድም ይህን መዝገብ ማየት ጥሩ ነው። ጀርመኖች በወረቀት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር የሚያዘጋጀው የዓለም ከፍተኛ ትምህርት መዝገብም አለ፤ በነጻ ትፈልጊበታለሽ። እዚያ ውስጥ ጭራሽ ስሙ ከሌለ ጥያቄው አልቋል።

እዚህ ላይ ግን ላስጠንቅቅሽ። ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን በቂ አይደለም።

በጥር 2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ «ፋርሚንግተን ዩኒቨርሲቲ» የሚባል ትምህርት ቤት ጉዱ ወጣ። 600 ያህል ተማሪዎች ነበሩት፣ አብዛኞቹ ሕንዳውያን። ድረ ገጽ ነበረው፣ ዓርማ ነበረው፣ እውቅና ካላቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥም ነበረ። መምህር ግን አልነበረውም፤ አንድም ክፍል አልተካሄደበትም። የከፈተው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ራሱ ነበር፤ ወጥመድ ነው። 250 ያህል ተማሪዎች ታሰሩ፤ አብዛኞቹ አገሪቱን ለቀው ወጡ። ዝርዝሩን ያየ ተማሪ እንኳ አልዳነም። ክፍል የተቀመጠ አንድ ሰው ፈልጎ ያናገረ ግን ይድን ነበር፤ ምክንያቱም ክፍል የተቀመጠ ሰው አያገኝም ነበርና።

ካራቺ ደግሞ «አግዛክት» የሚባል ድርጅት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያጋልጠው በመቶ የሚቆጠሩ የውሸት ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ እንደነበረው ታወቀ። የሚገርመው፣ የውሸት ዩኒቨርሲቲ ብቻ አልፈጠረም። ለነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች እውቅና የሚሰጡ የውሸት ተቋማትንም ፈጥሯል። ስለዚህ «እውቅና አለው» ሲሉሽ «ከማን?» በዪ፤ ያንን ሰጪ ደግሞ ማን እንደሚያውቀው ፈልጊ። ሰሜን ቆጵሮስም በ2024 እ.ኤ.አ. በሐሰተኛ ዲፕሎማ ጉዳይ ተናውጣለች፤ ምርመራው ተቆጣጣሪው አካል ድረስ ደርሶ ነበር። እዚያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አጥፍተዋል አልልም። ግን ዲግሪውን የሚያየው ቢሮ ይህን ዜና አንብቧል፤ ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ቆጵሮስ የሚመጣ ወረቀትን በጥርጣሬ ቢያየው አልፈርድበትም።

ስለ «ከዓለም ምርጥ» በአጭሩ ልለፈው፤ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቅበታል። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ ከሚያስቀምጡት ታዋቂ ዝርዝሮች የሻንጋዩ ደረጃ 30 በመቶውን ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤልና ለፊልድስ (የሒሳብ) ሽልማት ነው። የእንግሊዙ የታይምስ ደረጃ አብዛኛው ምርምር ነው። ወንድምሽን ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው ሰው ክፍል ይገባል ወይስ ይቀራል የሚለውን አንዳቸውም አይለኩም። ከነዚህ በታች ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ታይነት የሚለኩ «ደረጃዎች» አሉ፤ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያቸው ላይ የሚለጥፉት ብዙ ጊዜ እነሱን ነው። ትላልቆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚያወዳድረው በዩኤስ ኒውስ ደረጃ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። ማይክል ታዴየስ የሚባል የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ተቀምጦ ሲያሰላ የቀረቡት ቁጥሮች ትክክል አለመሆናቸውን አሳየ። ኮሎምቢያ እንዲህ ካደረገ ሌላውን አስቢው።

እኔ ከደረጃ ይልቅ የማምነው ሰው ነው። ግን ትክክለኛውን ሰው ማግኘት ብልሃት ይጠይቃል።

ኤጀንቱ «እዚያ የሚማር ሐበሻ ላገናኝሽ» ብሎ የሚያገናኝሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን ያለበት ነው። አዲስ ተማሪ ላመጣ ተማሪ የሚከፍሉ አሉ፤ ከራሱ ክፍያ የሚቀንሱለትም አሉ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም ተጨንቆ ነው። ግን ከዚህ ልጅ እውነቱን አትጠብቂ። የአንደኛ ዓመት ተማሪም ብዙ አይጠቅምሽም፤ ገና ባሕሩን ፎቶ እያነሣ ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመረቀ ሰው ፈልጊ። ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ መገናኛ ድረ ገጽ ላይ የዩኒቨርሲቲው ገጽ ውስጥ ግቢና የቀድሞ ተማሪዎችን አውጪ። በኮምፒውተር ምህንድስና የተመረቁትን ለዪ። ከተመረቁ ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው አሁን ምን ይሠራሉ? ሶፍትዌር የሚሠሩ ካሉ በጣም ጥሩ። ግማሾቹ የዚያው ዩኒቨርሲቲ «ተማሪ መልማይ» ሆነው ካገኘሻቸው ግን መልስሽን አግኝተሻል።

ስታገኚያቸውም «ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሰው አምስት ዓመት የፈጀበትን ቦታ መጥፎ ነው ማለት ይከብደዋል። ይልቅ እንዲህ ያለውን ጠይቂ፦ የሴሚስተር ክፍያ ብታዘገይ ምን ያደርጉሃል፣ ፈተና ያስቀምጡሃል? ካንተ ጋ የገቡት ልጆች ስንቱ ተመረቁ? የቀሩት የት ሄዱ? አንደኛ ዓመት የከፈልከውና አራተኛ ዓመት የከፈልከው እኩል ነበር? ዲፕሎማህን ለማውጣት ስንት ወር ፈጀብህ? ይህን ሲጠየቅ ሰው ዘና ብሎ ያወራል። ሐሜት ሳይሆን የራሱ ታሪክ ነውና።

አሁን ወደ 10 ቀኑና ወደ 1,000 ዩሮው።

የጊዜ ገደቡ በአብዛኛው የመሸጫ ዘዴ ነው። ተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ተማሪ አያባርርም። ከኤጀንቱ ውጪ በዩኒቨርሲቲው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ወዳለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ይጻፍ። የደብዳቤው ቁጥር ይጠቀስና «ይህን ደብዳቤ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ?» ይባሉ። ከጂሜይል አድራሻ መልስ ከመጣ ወይም መልሱን ኤጀንቱ ይዞት ከመጣ፣ አቁሚ። ሁለት ሳምንት ጨምሩልን ብላችሁም ለምኑ። እኔ እስካሁን በዚህ ምክንያት ዕድሉ የተነጠቀ ልጅ አልገጠመኝም።

ክፍያው የሚገባው በዩኒቨርሲቲው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው። በኤጀንቱ ስም፣ በኤጀንቱ እህት ስም፣ «ለጊዜው» በተባለ ሒሳብ አይሆንም። የመግቢያ ፈቃድ ቢከለከል ወይም ቱርክ ላይ ቢመለስ ዴፖዚቱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስጡሽ፤ ስንት ተቆርጦ፣ በስንት ቀን። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ ለአንድ ኤጀንት በእምነት የሰጠሁት ገንዘብ ነበር። «ወንድሜ፣ ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ደረሰኝ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በኋላ ገባኝ።

ሌላም አማራጭ እንዳለሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ወንድምሽ ፈተናው አልመጣልኝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ብቻውን አይደለም። እነዚህ ኤጀንቶች አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የበዙትም ለዚህ ይመስለኛል፤ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር በር የተዘጋበት ልጅ አለ። ሬሜዲያል ያፍርበት ይሆናል፤ ግን አንድ ዓመት ነው፣ አንቺንም 27,200 ዩሮ አያስከፍልሽም።

እውነተኛ ስኮላርሺፕ ደግሞ አለ። የቱርክ መንግሥቱ የትምህርት ክፍያ፣ የወር ገንዘብ፣ ዶርም፣ የጤና መድን፣ የቱርክኛ ቋንቋ ዓመትና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል። ለማመልከት አንድ ሳንቲም አይከፈልም። የሀንጋሪውም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ እሱም የማመልከቻ ክፍያ የለውም። የሁለቱም ማመልከቻ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጥር አካባቢ ነው። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፤ ነጥብ ይፈልጋሉ፣ እንዲህ በቀላሉ ያገኛል ብዬ አላታልልሽም። እንዲያውም ከገባም በኋላ ሀንጋሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ በወር የምትሰጠው 43,700 ፎሪንት ለቡዳፔስት ኑሮ አይበቃም። ሙሉ ነጻ በተባለው ላይ እንኳ ከቤት መላክ አለ።

እንግዲህ ነገ ምን ታደርጊያለሽ? ለኤጀንቱ «እህቱ ዶሃ ሆና ወረቀቱን እያየች ነው» በዪው፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ። አባትሽ ወደ ባለሥልጣኑ ይሂዱ። ወንድምሽ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ራሱ ኢሜይል ይጻፍ። ያነሣናቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ያስገባ፦ የዮክ እውቅና በፕሮግራሙ ደረጃ፣ ቅናሹ የሚቀጥልበት ነጥብ፣ የቋንቋ ዓመት ክፍያ፣ የሚደገም ኮርስ ዋጋ፣ የዴፖዚት መመለሻ ደንብ፣ የአራቱም ዓመት ክፍያ በአንድ ወረቀት ተፈርሞ። መልሱ ሲመጣ ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን።

ኢሜይሉን ግን አንቺም ሆንሽ ኤጀንቱ እንዳትጽፉለት። እሱ ይጻፈው፣ በእንግሊዝኛ። አንድ ገጽ መጻፍ ካቃተው የቋንቋው ዓመት እንደማይቀርለት ከወዲሁ ዐወቅሽ፤ ሒሳቡ ላይ 6,800 ዩሮ ጨምሪበት።